ናሬ ወደ ቡሳን የሄደችበት ሰኞ

ያን ሳምንት ናሬን «በርቺ» ያላላት ሰው አልነበረም። መፈልፈያ ቤታችን ውስጥ ሃያ ሦስት ሴቶች ነን። የላስቲክ ሽርጣችንን ታጥቀን፣ በረጅሙ ጠረጴዛ ግራና ቀኝ ቆመን፣ ከከተማችን ከቶንግዮንግ ባሕር የወጣውን ዛጎል በቢላ እየፈለፈልን ሥጋውን ባልዲ ውስጥ እንጥላለን። እጃችን አያርፍም፤ አፋችንም እንደዚያው። አንዷ «አይዞሽ፣ የኔ አክስት ድና አሁን ተራራ ትወጣለች» ትላለች። ሌላዋ «ዋናው ሞራል ነው» ትላለች። ከሁሉም የባስኩት እኔ ማልሱን ደግሞ «ፊትሽን አታጨፍግጊ፣ በሽታ የሚወደው የተከፋ ሰው ነው» እላታለሁ። የናሬ መልስ ለሁላችንም አንድ ነበር።

«ምንም አይደል። ደህና ነኝ።»

ደህና አልነበረችም። ግራ ጡቷ ውስጥ የተገኘው እባጭ ካንሰር ነው ከተባለች ገና አምስት ሳምንቷ ነው። ሐኪሞቹ መጀመሪያ በደም ሥር የሚሰጠውን መድኃኒት፣ ቀጥሎ ቀዶ ጥገናውን ብለው ወስነዋል። የመጀመሪያው ቀን ሰኞ ነው፤ ቡሳን፣ ትልቁ ሆስፒታል። ናሬ ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው። እናቷና እኔ አንድ ደሴት ላይ ነው ያደግነው፤ ናሬ ስትወለድም ውሃ ያሞቅኩት እኔ ነኝ። እናቷ የሞተችው በዚሁ በሽታ ነው። እባጩን ከሽርጧ ሥር ደብቃ፣ ከዛሬ ነገ እታያለሁ እያለች፣ ልጅቷ ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላት አለፈች። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ናሬ እኔ ቤት ናት። አሁን የሰኞን መምጣት እንዴት እንደፈራሁት ለማንም አልተናገርኩም።

አንድ ሌላ ሰውም እንቅልፍ አጥቶ ነበር። ጁንሞ የመፈልፈያ ቤቱ ባለቤት ልጅ ነው። ባልዲዎቻችንን የሚመዝነው እሱ ሲሆን፣ የሌላውን ሰው ባልዲ ገና ሳያስቀምጡት አንብቦ ይመልሳል፤ የናሬ ሲሆን ግን ሚዛኑ ይበላሽበታል፣ መነጽሩ ይጨልምበታል፣ ደግሞ ይመዝናል። ሁለት ዓመት ሙሉ ሃያ ሁለት ሴቶች ይህን እያየን ዝም ብለናል። ያን ሳምንት ግን ናሬ ባልዲዋን ለኔ እየሰጠችኝ እኔ ነበርኩ የምወስደው። ጁንሞ በኔ ትከሻ በኩል አሻግሮ ያያታል፤ እሷ ከቢላዋ ቀና አትልም።

መካከላቸው የቆሙት እናቱ እሜቴ ሶል ናቸው። የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ጁንሞ ናሬን ላግባ ባለ ጊዜ፣ ቡና ቤት ጠሩኝና የናሬን የልደት ቀንና ሰዓት ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ኮከብ አስቆጠሩና «አይገጥምም፤ አንዱ ሌላውን ይበላል» አሉ። «ዛጎል ፈልፋይ ስለሆነች አይደለም፤ ኮከቡ ነው» ሲሉ የሰማን ሁላችንም ወደ ባልዲያችን ዞረን ሳቅን። ጁንሞ አርባ ዓመቱ ነው፤ ግን እናቱ ፊት ሲቆም አሁንም ዓይኑ ፈቃድ ይጠይቃል። ናሬን ያሳዘናት ከተቃውሟቸው ይልቅ ይኸው ዓይኑ ነበር።

ሐሙስ ናሬ የታሸገ ደብዳቤ ሰጠችኝ፤ ለሱ እንዳደርስላት። ከፍቼ አነበብኩት። አላነብም ነበር የምትል ሴት ካለች ትዋሻለች።

«ጁንሞ፣ ሰኞ ቡሳን አትምጣ። ከሰኞ በኋላም አትምጣ። ጸጉሬ ይረግፋል። ጡቴን ምናልባት ያነሡታል። አንተ ልጅ የምትወድ ሰው ነህ፤ እኔ ከዚህ በኋላ ልወልድ እችል እንደሆን ሐኪሙን ስጠይቀው ወረቀት ማገላበጥ ጀመረ። እናትህ ሁለት ዓመት ሙሉ የነገሩህ ልክ ነበር። ከኔ ጋር እንድትታሠር አልፈልግም። ናሬ።»

በበሰለ ሩዝ መልሼ አጣበቅኩትና ሰጠሁት። ሚዛኑ አጠገብ ቆሞ አነበበው። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞረ፤ ትከሻው ብቻ ይታየኝ ነበር። እኔም የማንን ባልዲ እንደያዝኩ ረስቼ ቆምኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጁንሞ ቤታችን መጣ፤ ትልቅ ካርቶን ታቅፎ። ናሬ ግቢ ውስጥ ለክረምት የሚቀመጠውን ጎመን እያጠበች ነበር። እኔ ኩሽና ገብቼ መስኮቱን ከፈት አደረግኩ፤ ለአየር ብዬ ነው።

«ደብዳቤሽን አንብቤዋለሁ» አላት።

«ታዲያ ለምን መጣህ?»

«ስላልተስማማሁ።»

ልትስቅ ነበር፤ በዓይኔ አየሁ። ያን ጊዜ አፉን ዘግቶ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ጎመኑን ቢያጥብ ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። እሱ ግን ካርቶኑን ከፈተ። ውስጡ ረጅም ጥቁር ዊግ ነበር።

«ከሰው ጸጉር ነው የተሠራው። ፎቶሽን ሴውል ልኬ ነው ያሠራሁት፤ ቁርጥ ያንቺን ነው የሚመስለው። ማንም አይለይም። ምንም እንዳልሆነ ሰው ትመላለሻለሽ።»

ናሬ እጇን ከውሃው አወጣች። የራሷ ጸጉር ገና አናቷ ላይ ነበር፤ በጨርቅ ጠቅልላዋለች።

«ምንም እንዳልሆነ?» አለችው።

«ማለቴ...»

«ሆኗል እኮ ጁንሞ።»

«ትድኛለሽ። ዶክተሩም ተስፋው ጥሩ ነው ብሏል። ጥቁር እንጉዳይ ይጠቅማል አሉኝ፤ ነገ አስመጣለሁ። ብቻ አንቺ በርቺ።»

«አንተም በርቺ ትላለህ?» ድምጿ ቀጠነ። «ሃያ ሁለት ሴቶች ቀኑን ሙሉ በርቺ ይሉኛል። እትዬ ማልሱን በእንቅልፍ ልቧ ሳይቀር በርቺ ትላለች። አንተ ሌላ ነገር ትለኛለህ ብዬ ነበር።»

«ምን ልበልሽ? ንገሪኝና ልበለው።»

«እኔ ከነገርኩህማ ምኑን አልከው?»

ጁንሞ ግራ ገባው። ግራ ሲገባው ደግሞ እንደ ሁሉም ወንድ ተቆጣ። «በቃ አትፈልጊኝም ማለት ነው። በኔና በእናቴ አታሳብቢ፤ አልፈልግህም በይኝ።»

«የምትፈልገው ይሄን ጸጉር ከሆነ ይኸው እጅህ ላይ ነው። ይዘኸው ሂድ።»

ፊቱ ዓመድ መሰለ። «እንደዚህ ነው የገባሽ?» አለና ካርቶኑን መሬት ላይ ትቶ ወጣ። ናሬ አንዷን የጎመን ቅጠል ደጋግማ አጠበቻት፤ እስክትቀደድ ድረስ። እኔ ወጥቼ አጠገቧ ቆምኩና፣ ምን ዓይነት ደደብ እንደሆንኩ እዩልኝ፣ «በርቺ ልጄ» አልኳት። ዝም ብላ አየችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ ማለዳ ልንወጣ ስንል የእሜቴ ሶል ሹፌር በሩን አንኳኳ። በጨርቅ የተቋጠረ ፔርሙዝ ይዟል። «ናሬ ሳትሄድ ትጠጣው ብለዋል» አለኝና ሄደ። ናሬ ጓዳ ልብስ እየለበሰች ነበር። ልቤ ደስ አለው፤ ሴትዮዋ ለዘብ አሉ ብዬ ክዳኑን ከፈትኩ።

የባሕር ቅጠል ሾርባ ነበር።

ደሜ ፈላ። እኛ ዘንድ በፈተና ቀን፣ ሥራ ለመቀጠር በሚኬድበት ቀን፣ ትልቅ ጉዳይ ባለበት ቀን የባሕር ቅጠል አይቀመስም። ቅጠሉ ያሟልጫል፤ የበላው ሰው አሟልጦት ይወድቃል። ልጄ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ሊፈተን ሲል ሳምንቱን ሙሉ ቅጠሉን ቤቴ አላስገባሁትም። ዛሬ፣ ከቀን ሁሉ ዛሬ፣ ይህን ቅጠል ለዚህች ልጅ የሚልክ ሰው ምን እየተመኘላት እንደሆነ ለመገመት ኮከብ ቆጣሪ አያስፈልግም። ፔርሙዙን ቦይ ውስጥ ገለበጥኩትና ስልኬን አነሣሁ።

«እሜቴ፣ ልጅቷን ካልወደዷት አይውደዷት። እንድትወድቅ የላኩትን ግን በኔ እጅ አትጠጣም። ቦይ ውስጥ ደፍቼዋለሁ።»

 ቀስ ብለው «ደፋሽው?» አሉና ስልኩን ዘጉት። መዝጋታቸውን፣ ጥፋቱ የተገኘበት ሰው ሽሽት አድርጌ ቆጠርኩት። ዘወር ስል ናሬ ሻንጣዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ሁሉንም ሰምታለች። ቅስሟ ስብር ሲል ፊቷ ላይ አየሁት።

አውቶቡስ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተናገረችው። «እንድሞት ነው የሚፈልጉት፣ እትዬ?» አለችኝ። «ተይው» አልኳት። እጇ እጄ ውስጥ ነበር፤ በረዶ ነው የሚመስለው። ቡሳን እስክንገባ ሁለት ሰዓት ሙሉ ያቺን የተረገመች ስልክ ለምን እሷ እየሰማች ደወልኩ እያልኩ ራሴን ስበላ ነበር።

ሆስፒታሉ ውስጥ ለምርመራ ደም ሰጠች፤ ሐኪሙ አያትና መጀመር ትችያለሽ አላት። መድኃኒቱ የሚሰጥበት ክፍል በር ላይ ተደርድረን ተቀመጥን። ስሟ ተጠራ። ናሬ አልተነሣችም። ሁለተኛ ተጠራ። ክብ መነጽር ያደረገች ወጣት ነርስ ወጥታ ጎንበስ አለችልንና በሙሉ ስሟ ጠራቻት።

«ፕዮ ናሬ? መድኃኒትሽን ሊቀላቅሉት ነው። አንዴ ከተቀላቀለ አይቆይም፤ ካልተጠቀምሽበት ይደፋል። ዝግጁ ነሽ ልበላቸው?»

«ዛሬ አልጀምርም» አለች ናሬ።

ነርሷ እኔን አየችኝ። «ሩብ ሰዓት እጠብቃችኋለሁ። ከዚያ በኋላ ቀጠሮው ይዞራል» ብላ ገባች።

«ምን ማለትሽ ነው?» አልኳት።

«ሰው እንድወድቅ በሚመኝልኝ ቀን አልጀምርም። ሌላ ቀን እንመጣለን። ከዓመት በዓሉ በኋላ።»

 ይህችን ቃል አውቃታለሁ። «እናትሽም እንዲሁ ነበር የምትለው» አልኳት። «ዛሬ ማዕበል ነው፣ ነገ ገበያ ነው፣ ከዓመት በዓሉ በኋላ። ምን እንደደረሰባት ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ።» ዓይኗን ከበሩ ላይ አላነሣችም። «እናቴ ሰነፍ አልነበረችም፣ እትዬ። ፈርታ ነው። ሁሉም ጎበዝ ናት ይላት ነበር፤ ፈርተሻል ወይ ብሎ የጠየቃት አልነበረም።»

 ያልጠየቅኳት እኔ ነበርኩ። ሃያ ሰባት ዓመት ተሸክሜው ስሙን የማላውቀው ነገር ይኸው ስም ወጣለት። አሁንስ ልጇን ብጠይቃት? አፌ እንቢ አለኝ። ፈርቻለሁ ብትለኝ ምን እንደምመልስላት አላውቅም ነበርና የግድግዳውን ሰዓት አየሁ። አምስት ደቂቃ ሄዷል።

አሳንሰሩ ተከፈተና እሜቴ ሶል ወጡ፤ ጁንሞ ከኋላቸው። ጸጉራቸው ሳይሠራ ደጅ የማይወጡት ሴትዮ በቤት ጫማ ነበሩ። ተነሥቼ ናሬ ፊት ቆምኩ።

«ምን ቀረዎት ደግሞ?»

«ማልሱን» አሉኝ፤ ትንፋሽ አጥሯቸዋል። «ዛሬ በጨረቃ አቆጣጠር ቀኑ ስንት ነው?»

«ምን አገናኘው?»

«ቁጠሪ።»

ቆጠርኩ። አሥራ አንደኛው ወር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... አራት። ወንበሩ ላይ ዘጭ አልኩ። የናሬ መታወቂያ ላይ ያለው ቀን፣ አባቷ ከደሴቱ ወርዶ ያስመዘገበበት ነው። የተወለደችው ግን፣ እኛ የደሴት ሰዎች ልደት በምንቆጥርበት በጨረቃው፣ በአሥራ አንደኛው ወር በአራተኛው ቀን ነው፤ ውሃ ያሞቅኩት እኔ፣ ለአራሷ የባሕር ቅጠል ሾርባ የሠራሁት እኔ። እናቷ ከሞተች ጀምሮ በየዓመቱ በዚህ ቀን ይህንኑ ሾርባ ያበላኋት እኔ። ሰው በልደቱ ቀን ሌላ ምን ይበላል? ዘንድሮ ግን ቤታችን ውስጥ የሐኪም ቀጠሮ እንጂ ሌላ ቀን የሚባል ነገር አልነበረም።

«ያንን ቀን የነገርሽኝ አንቺ ነሽ» አሉ እሜቴ ሶል። «ይዤው ሦስት ኮከብ ቆጣሪ ዘንድ ዞሬያለሁ። ክፉ ነገር እንዲገኝበት ፈልጌ። ሁለቱ ጥሩ ነው አሉኝ። ሦስተኛው እኔ መስማት የፈለግኩትን ነገረኝ።» ጁንሞ እናቱን ቀና ብሎ አያቸው፤ ይህን እሱም ገና መስማቱ ነበር። እሳቸው ግን ናሬን እያዩ ቀጠሉ። «ዛሬ ስነቃ ቀኑ ትዝ አለኝ። እናት የላትም፣ ማልሱንም በዚህ ጭንቀት ትረሳዋለች ብዬ ተነሥቼ ጣድኩት። ልደትሽ ብቻ ነው የታየኝ። ማሟለጡ፣ መውደቁ ጭራሽ አልመጣልኝም። ማልሱን ስትጮህብኝ ነው የገባኝ። ያኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።»

«ልደቴ ነው ብለው ለምን አልነገሩኝም?» አለች ናሬ።

«ሁለት ዓመት በሬን የዘጋሁብሽ ሴትዮ፣ በየትኛው አፌ?»

ናሬ እጇን አፏ ላይ አደረገች። «እኔም ረስቼዋለሁ እኮ» አለችና ሳቀች፤ ሳቁ መሃል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረ። እኔ ደግሞ የሴትዮዋን እጅ ይዤ ይቅርታ ልበል ወይስ ልሳም ሳላውቅ ዝም ብዬ ጨመቅኩት።

ጁንሞ ናሬ አጠገብ ተቀመጠ። ካርቶን አልያዘም። ሰዓቱ ይሄዳል፣ እኔ ነፍሴ ልትወጣ ነው።

«ናሬ፣ ፈርተሻል?» አላት።

እንባዋ ዱብ አለ። «በጣም።»

«እኔም። ቅዳሜ ያን ሁሉ የቀባጠርኩት ፈርቼ ነው። ስለ ጸጉርሽ ስላወራሁ ስለ ሌላው ማሰብ የምተው መስሎኝ ነበር።» ጣቶቹን ከጣቶቿ ጋር አቆላለፈ። «ምኑ ነው የሚያስፈራሽ?»

ናሬም ነገረችው። መርፌው። ቀይ ነው የሚሉት መድኃኒት ደም ሥሯ ውስጥ ሲገባ ማየት። እሱ ፊት ማስመለስ። ልብሷን ስታወልቅ የሚያያት ፊት። እናቷ በመጨረሻው ሳምንት ትሸተው የነበረው ሽታ። መሞት። እሷ ሞታ እሱ ኮከቧ የሚገጥም ልጅ ማግባቱ፤ እሷ ኖራ ደግሞ እሱ በይሉኝታ አብሯት መቅረቱ። ከነዚህ አንዱንም «አይደለም» አላላትም። አንዳንዱ ጋ ራሱን ነቀነቀ፤ «መሞት» ስትል እጇን አጥብቆ ያዘ። እኔ አላስችል ብሎኝ «በር...» ብዬ አፌን ስከፍት እሜቴ ሶል በክርናቸው ጎሸሙኝ።

«ዛሬ ከጀመርኩ በኋላ ብወድቅስ?» አለችው።

«አላውቅም» አላት። «ብትወድቂም እዚያው ነኝ። ሌላ የማውቀው የለም።»

ናሬ በረጅሙ ተነፈሰች። አምስት ሳምንት ሙሉ እንዲህ ስትተነፍስ አልሰማኋትም ነበር።

ነርሷ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛ ተመለሰች። «ይቀላቅሉት ልበላቸው ወይስ ይቅር?»

ናሬ ጁንሞን አየችው። ከዚያ «ይቀላቅሉት» አለች።

«አብሮሽ የሚገባ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የቤተሰብ ሰው።» ነርሷ ወደ ጁንሞ ዞረች። «እርስዎ ምኗ ነዎት?»

 ይኸው አሁን እናቱን ያያል ብዬ ነበር፤ ሁለት ዓመት እንዳየሁት። እሱ ግን ዓይኑን ከናሬ ላይ አላነሣም። መልሱን የሰጠችው ናሬ ናት።

«ባሌ ነው» አለች፤ በእናቱ ፊት፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት።

ነርሷ ጻፈች። ቀና ብላ እሜቴ ሶልን አየቻቸው። «እናትዬ፣ እርስዎስ?»

እሜቴ ሶል አፋቸውን ከፈቱ፤ ዘጉ። 

«አማቷ ነኝ» አሉ። «እሱንም ጻፊው።»

ናሬ ተነሣች። እንባዋን አልጠረገችም፣ ፊቷን አላስተካከለችም። ያን የ«ደህና ነኝ» ፊቷን የት እንደጣለችው እንጃ። በሩ ጋ ስትደርስ ቀጥ ብላ ቆመች፤ ልትመለስ ነው ብዬ ትንፋሼን ያዝኩ።

«ጁንሞ፣ አሁንም ፈርቻለሁ» አለችው።

«አውቃለሁ» አላት።

በሩ ተከፈተ፤ እየፈራች ገባች።